ጎረቤቶቼ በተቃውሞ ደብዳቤ ላይ እንድፈርም ጠየቁኝ

ጠያቂዋ፣ ከኮኔማራ፦
የተከበራችሁ ወገኖች፣ የምንኖረው በአየርላንድ፣ ከጎልዌይ ከተማ በስተ ምዕራብ፣ ሰዉ ዛሬም በአይሪሽ ቋንቋ በሚነጋገርባት ትንሽ መንደር ነው። አከራያችን ቤቱን ሊሸጥ ስለሆነ በ180 ቀን ውስጥ እንድንለቅ በጽሑፍ አስታውቆናል፤ በአካባቢው ሌላ የሚከራይ ቤት አላገኘንም። በዚሁ ሰሞን በመንደሩ ጫፍ አዳዲስ ቤቶች ለመሥራት የፈቃድ ማመልከቻ ገብቷል። ልጆቼን እንደ ልጆቻቸው የሚያዩ ጎረቤቶቼ ግን፣ ቤቶቹን የሚገዛቸው ከከተማ የሚመጣ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ስለሚሆን ቋንቋችን ይጠፋል ብለው በተቃውሞው ላይ እንድፈርም ጠየቁኝ። ብፈርም በራሴ ላይ በር የምዘጋ ይመስለኛል፤ ባልፈርም ውለታ ቢስ እባላለሁ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ከደብሊን፦
እህቴ፣ ሁለቱን ጉዳዮች ለያይተሽ ተመልከቻቸው። አከራዩ የማስጠንቀቂያውን ቅጂ በዚያው ዕለት የአከራይና የተከራይን ጉዳይ ለሚመለከተው ለኪራይ ቤቶች ቦርድ (RTB) ካልላከ ማስጠንቀቂያው ዋጋ የለውም፤ ስለዚህ መጀመሪያ ይህን አጣሪ። ስለ ግንባታው ደግሞ ማንኛውም ሰው ማመልከቻው በገባ በ5 ሳምንት ውስጥ 20 ዩሮ ከፍሎ አስተያየቱን ለአካባቢው አስተዳደር ማቅረብ ይችላል፤ አስተያየቱም ተቃውሞ ብቻ እንዲሆን አይገደድም። የአየርላንድ የፕላን ሕግ የጌልታክት፣ ማለትም የአይሪሽ ተናጋሪዎች አካባቢ፣ ቋንቋና ባህል በልማት ዕቅድ ውስጥ እንዲጠበቅ ስለሚያዝዝ፣ ከቤቶቹ ከፊሉ ለቋንቋው ተናጋሪዎች እንዲመደብ የሚጠይቅ የራስሽን ደብዳቤ ብትጽፊ ይሻላል። ስምሽ ለሕዝብ ክፍት በሆነ መዝገብ ላይ እንደሚወጣ ግን እወቂ።

ከሊመሪክ፦
እኔ የጎረቤቶችሽ ሥጋት ይገባኛል። እናቴ የኖረችበት የካዛንችስ ሰፈር ሲፈርስ ዕድርተኛው በየአቅጣጫው ተበተነ፤ ዛሬ በየወሩ የቤት ኪራይ እልክላታለሁ፣ ቡና የሚያጣጣት ሰው ግን ልልክላት አልችልም። መንደር አንዴ ከተበተነ በገንዘብ አይሰበሰብም፤ እባክሽ ፈርሚላቸው።

ከጎልዌይ ከተማ፦
ወንድሜ፣ ይህ ንጽጽር ልክ አይደለም፤ እዚህ የሚፈርስ ቤት የለም፣ የሚሠራ እንጂ። በ2022ቱ ቆጠራ ከ106,220 የጌልታክት ነዋሪዎች መካከል ከትምህርት ቤት ውጭ በየቀኑ አይሪሽ የሚናገሩት 20,261 ብቻ ነበሩ። የመንደሩ ወጣት ቤት አጥቶ ከሄደ ቋንቋውን ማን ይናገረዋል? በተጨማሪም «ባህላችን» የሚለው ቃል እንግዳን ለመግፋት ሲውል እኛ ዝም ማለት የለብንም። በ2023 ዲሴምበር በዚሁ ክፍለ ሀገር፣ በሮስካሂል፣ ጥገኝነት ጠያቂዎች ሊገቡበት የነበረ ሆቴል መቃጠሉን አትርሱ።

ከሊመሪክ፦
ቃጠሎውን ከእነዚህ ሰዎች ጋር ማያያዝህ አሳዝኖኛል። ልጆቿን ቋንቋቸውን ያስተማሩ ጎረቤቶች እንግዳ ገፊዎች ሊባሉ አይገባም።

ከጎልዌይ ከተማ፦
እነሱን አልከሰስኩም። የምለው፣ እሷ ራሷ ቤት አጥታ ብትወጣ እነዚያ አይሪሽ የሚናገሩ ልጆች አብረዋት መውጣታቸው አይቀርም ነው፤ ይህንንም ጎረቤቶቿ ፊት ለፊት ሊነገራቸው ይገባል።

ጠያቂዋ፣ ከኮኔማራ፦
ስለ ማስጠንቀቂያው ቅጂ የተነገረኝን ነገ እጠይቃለሁ፣ አመሰግናለሁ። የራስሽን ደብዳቤ ጻፊ ላላችሁኝ ወንድሜ፦ ደብዳቤው በእንግሊዝኛ ቢሆን ጎረቤቶቼን ያስቀይም ይሆን?