የእንጦጦን የጫካ መንገድ ማን ይጠግን?

ሽቅብ፦
ሰላም ቤተሰብ። ክረምቱ ከወጣ ወዲህ በየሳምንቱ የምንጨቃጨቅበትን ነገር እስቲ አንዴ በወጉ እንነጋገርበት። እንጦጦ ላይ በማውንቴን ባይክ የምንወርድባቸውን የጫካ መንገዶች እኛው ዶማና አካፋ ይዘን በነጻ እንጠግናቸው? ወይስ የመንግሥት ሥራ ነው ብለን እንተወው?

በ2013 ዓ.ም. ስለተመረቀው ፓርክ የተነጠፉ መንገዶች አይደለም የማወራው። እነሱ ባለቤት አላቸው። እኔ የምለው ከዚያ ውጭ በባሕር ዛፉ መሀል ወደ ሽሮ ሜዳ ስለሚወርዱት ቀጫጭን የእግር መንገዶች ነው።

እኔ እንጠግን ባይ ነኝ። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ተነስተን ቁልቁል ስንለቀው የኋላ ፍሬን ጥርቅም አድርገን እንይዛለን። ጎማው መሽከርከሩን ትቶ አፈሩን እየፋቀ ይንሸራተታል። ያቺ የተፋቀች መስመር ሰኔ ሲገባ የጎርፍ መሄጃ ትሆናለች። ሐምሌ ላይ ቁርጭምጭሚት የምታህል ነበረች፤ መስከረም ላይ ጉልበት ትውጣለች። ከዚያ እኛ እሷን ሸሽተን በጎን እናልፋለን። በቀጣዩ ክረምት ጎኑም ይቦረቦራል። ከላይኛው ጠመዝማዛ ዝቅ ብሎ ያለውን ቦታ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሦስት ቦይ ጎን ለጎን፣ በመሀላቸው ሥሩ አየር ላይ የተንጠለጠለ ባሕር ዛፍ።

መንገዱ ላይ ደግሞ ብቻችንን አይደለንም። እንጨትና ቅጠል ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች አሉ። ሸክሙ 30 ኪሎ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ነው። ጎንበስ ብለው ስለሚሄዱ የሚታያቸው ከፊታቸው ያለችው ሁለትና ሦስት እርምጃ ብቻ ናት። እኛ የቦረቦርነው ላይ የሚሰናከሉት እነሱ ናቸው። ጎርፉ ሁሉ የእኛ ጥፋት ነው አልልም። ድርሻችንን ማስተካከል ግን ዕዳችን ነው። በወር አንድ ቅዳሜ ይበቃል።

ሒሳብ ሹም፦
ወንድሜ፣ ልብህን እወደዋለሁ። በሐሳቡ ግን አልስማማም።

መንገድ መጠገን ሥራ ነው። ሥራ ደግሞ ደመወዝ አለው። በዚህ ከተማ የቀን ሥራ ፍለጋ ከንጋት ጀምሮ መንገድ ዳር የሚቆመውን ሰው አስቡት። እኛ ቅዳሜ ጠዋት በነጻ የምንቆፍረው ቦይ ለእሱ የአንድ ቀን እንጀራ ነበር። የከተማ ሴፍቲኔት የሚባለው ፕሮግራም አዲስ አበባን ጨምሮ በተለያዩ ከተሞች ለዚህ ሲባል ነው የተጀመረው። ችግረኛ ቤተሰቦች በጽዳት፣ በአረንጓዴ ልማት፣ በተፋሰስ ሥራ ተሰማርተው ይከፈላቸዋል። የጫካ መንገድ ጥገና ከዚህ ሥራ በምን ይለያል? ታዲያ እኛ ዶማ ከመያዛችን በፊት ለምን ይህን አንጠይቅም?

ሌላም አለ። ዛሬ በነጻ ከሠራን ነገ ማንም በጀት አይዝለትም። “ልጆቹ ይሠሩታል” ይባላል። እኛ ሥራ ስንቀይር፣ ልጅ ስንወልድ፣ አገር ስንለቅ መንገዱ ያለ ባለቤት ይቀራል።

ከቨርጂኒያ፦
እዚህ ያለውን ልምድ ላካፍል። በዋሽንግተን ዙሪያ “ሞር” የሚባል የማውንቴን ባይክ ነጂዎች ማኅበር አለ። እ.ኤ.አ. በ1992 ነው የተቋቋመው። እኛ አበሾች በብዛት ከምንኖርበት ከአሌክሳንድሪያና ከአናንዴል ብዙም ሳይርቁ ዌክፊልድና ፋውንቴንሄድ የሚባሉ ፓርኮች አሉ። የብስክሌት መንገዳቸውን በአብዛኛው የሚንከባከቡት የዚህ ማኅበር በጎ ፈቃደኞች ናቸው። እያንዳንዱ ቦታ ከፓርኩ አስተዳደር ጋር የሚነጋገር ተጠሪ አለው። ተጠሪው ሳያውቅ ማንም ሰው እንደፈለገው አይቆፍርም።

የገረመኝ ሌላ ነገር ነው። ፋውንቴንሄድ ዝናብ ከጣለ መንገዱ ይዘጋል። ሰው ከቤቱ ሳይወጣ ክፍት መሆኑን አይቶ ነው የሚሄደው። ጭቃ ላይ የነዳ ሰው ከጓደኞቹ ፊት ያፍራል። ምክንያቱም መንገዱን የሠራው የገዛ ጓደኛው ነው። በመንግሥት ተሠርቶ ቢሆን ኖሮ ይህ እፍረት የሚኖር አይመስለኝም። ለእኔ የነጻ ሥራ ትልቁ ጥቅም እዚህ ላይ ነው። ዶማ የያዘ ሰው ፍሬን ሲይዝ ያስባል።

ሒሳብ ሹም፦
አሜሪካን ካነሳህ ሙሉውን እናንሳው። የፌዴራሉ የደን አገልግሎት ከ250,000 ኪሎ ሜትር በላይ የጫካ መንገድ ያስተዳድራል። እ.ኤ.አ. በ2013 የኮንግረሱ የኦዲት መሥሪያ ቤት ሲመረምረው የደን አገልግሎቱን የራሱን መስፈርት የሚያሟላው ከመንገዱ ሩብ ያህሉ ብቻ ሆኖ ተገኘ። የተወዘፈው ጥገና 314 ሚሊዮን ዶላር ተገመተ። ያ ሁሉ በጎ ፈቃደኛ እያለ! ከሦስት ዓመት በኋላ ኮንግረሱ ሕግ ሲያወጣ ካዘዘው አንዱ በጎ ፈቃደኞችን አብዙ የሚል ነበር። የምፈራው ይህን ነው። ነጻ ጉልበት ሲገኝ በጀት ይረሳል።

ከቨርጂኒያ፦
ቁጥሩ ልክ ነው። ግን ከበጎ ፈቃደኛው በፊት በጀቱ ሞልቶ አልነበረም። ሰዎቹ ባይኖሩ ያ ሩብም ባልተገኘ ነበር። ደግሞ የረሳኸው ነገር አለ። እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ ሕግ አላቸው። በፌዴራል ደን ውስጥ በነጻ ሲሠራ የተጎዳ ሰው ልክ እንደ መንግሥት ሠራተኛ የጉዳት ካሳ ያገኛል። መንግሥት ነጻ ጉልበት ሲቀበል ኃላፊነትም ይቀበላል ማለት ነው።

የሽሮ ሜዳዋ፦
ስለ እናቶቹ ሁላችሁም ታወራላችሁ። የጠየቃቸው ግን አላየሁም።

እኔ እናቴ ከዚያ ጫካ ቅጠል እያወረደች ነው ያሳደገችኝ። ያንን መንገድ የሠራው የእሷና የጓደኞቿ እግር ነው። እናንተ በብስክሌት ከመምጣታችሁ ከብዙ ዓመት በፊት ነበር። ከእንጦጦ ማርያምና ከጠበል የሚመለሰው ሰውም፣ አህያውም፣ ሯጩም በዚያው ይሄዳል። ስለዚህ “መንገዳችን” ስትሉ ቀስ በሉ።

መጠገኑን አልቃወምም። ሥጋቴ ሌላ ነው። ብስክሌተኛ መንገድ ሲጠግን ለብስክሌት ነው የሚጠግነው። መታጠፊያው ላይ አፈር ይቆልላል፤ መዝለያ ይሠራል፤ በድንጋይ ደረጃ ያበጃል። ሸክም ያላት ሴት ደረጃ አትወድም። ጀርባዋ ላይ ያለው እንጨት ከቁመቷ በላይ ወደ ጎን የሚረዝም ነው። መንገዱ በሁለት ድንጋይ መሀል ከጠበበ አታልፍም፤ በጎን ዞራ ትወርዳለች። ስትዞር ትወድቃለች።

ከዚያም የባሰ አለ። መንገዱ አምሮ ፎቶው ሲዞር እንግዳ ይበዛል። እንግዳ ሲበዛ ጥበቃ ይቆማል። ጥበቃ ሲቆም መጀመሪያ “በዚህ አይታለፍም” የሚባለው ማን ይመስላችኋል? ሄልሜት ያደረገው ነው ወይስ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ያሰረችው? ይህን ሳትመልሱልኝ ዶማ እንዳታነሱ።

ደግሞ በማርያም፣ በ21 ቀን እንዳትመጡ። በዕለተ ማርያም እዚያ ሰፈር መሬት ስትቆፍሩ ብትታዩ ጠላት ነው የምታፈሩት።

ጡረተኛው፦
ልጆቼ፣ በአፈር ጥበቃ ሥራ ዕድሜዬን ስላሳለፍኩ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ጎርፉ ከየት እንደሚመጣ እንግባባ። ባሕር ዛፉ ከአጼ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ ተራራውን ሸፍኗል። ከሥሩ ግን ሣርና ቁጥቋጦ ብዙ አይበቅልም። የሚረግፈው ቅጠል ደግሞ ለእንጀራ መጋገሪያ ይጠረጋል። መሬቱ ራቁቱን ይቀራል። ዝናቡ እንደወረደ አፈሩ ሳይጠጣው ይንደረደራል። ቀጥ ያለ የእግር መንገድ ሲያገኝ ይገባበታል። በቃ። ብስክሌቱ ያፋጥነዋል እንጂ አልጀመረውም።

ጥገና ማለት ቦዩን በአፈር መሙላት ከመሰላችሁ አትድከሙ። የመጀመሪያው ዝናብ ይወስደዋል። ውሃውን ከመንገዱ ላይ ማስወጣት ነው ያለባችሁ። መንገዱ ወደ ቁልቁለቱ በኩል በትንሹ ያዘንብል፣ ውሃው ሳይሰበሰብ በጎን ይፍሰስ። በየተወሰነ ርቀት መንገዱን ትንሽ ሽቅብ አድርጋችሁ ቁልቁል መልሱት፤ እዚያች እጥፋት ላይ ውሃው ይወጣል። ከድንጋይ ወይም ከግንድ ማቋረጫ የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ ሰያፍ ይሁን፣ ቀጥ ብሎ አይተኛ። መውጫው በቅጠልና በደለል ይደፈናል፤ እሱን መጥረግ ነው ዋናው ሥራ። የተቦረቦረውን ቦይ ክትር ሠርታችሁ ደለል እንዲይዝ ተዉት፣ መንገዱን ሌላ ቦታ አውጡት። አዲስ መስመር ስታወጡ መንገዱ ኮረብታውን በአግድም ይክበብ። በአማካይ ከ10 በመቶ በላይ አይቁልቆል፣ ከኮረብታው ቁልቁለትም ግማሽ አይብለጥ።

በዝናብ ጊዜ ማንም ሰው ጫካ አይገባም፤ እናንተ ግን አንድ ቀን ግቡ። ብስክሌቱን ቤት ትታችሁ፣ ጃንጥላ ይዛችሁ፣ ሐምሌ ላይ ዶፍ ሲወርድ በእግር ውጡ። ውሃው የት እንደሚገባና የት እንደሚወጣ በዓይናችሁ ታያላችሁ። በበጋ ቆማችሁ የምትገምቱት ሁሉ ከዚያ በኋላ ይለወጣል።

የመጨረሻው ነገር። ገጠር ውስጥ ገበሬው በየዓመቱ በጥርና በየካቲት ለሳምንታት በነጻ እርከን ይሠራል። ብዙ ቦታ መሬቱ አገግሟል፤ ምንጭ የመለሰበትም አለ። ግን ተሠርቶ የተረሳ እርከን ካልተሠራው ይብሳል። ውሃውን አንድ ቦታ ሰብስቦ ሲሰበር ከታች ያለውን ማሳ ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ አምስት ዓመት መቆየት የማትችሉ ከሆነ አትጀምሩ።

ጎማ፦
በክረምት መንዳት ብናቆም ግማሹ ችግር አያልቅም? ዶማም አያስፈልግ፣ በጀትም አያስፈልግ። ከሰኔ እስከ መስከረም አስፋልት ላይ እንንዳ።

ጡረተኛው፦
ግማሹ አያልቅም ልጄ። ግን ከሁሉም ይህ ይቅደም።

ሽቅብ፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እርስዎ ያሉትን የውሃ ነገር ማንም እንዲህ አድርጎ ነግሮን አያውቅም። እህቴ የሽሮ ሜዳዋ፣ ያንቺ ጥያቄ ከሁሉም ከባዱ ስለሆነ ከእሱ ልጀምር።

ብቻችንን አንወስንም። ከመቆፈራችን በፊት ሸክም ከሚያወርዱት እናቶች ጋር መንገዱን ከላይ እስከ ታች አብረን እንውረድ። የት እንደሚሰናከሉ እነሱ ያሳዩን። እነሱ የማያልፉበት ነገር አይሠራም። መዝለያ የሚባል ነገር እዚህ መንገድ ላይ አይኖርም፤ መዝለል የፈለገ ሌላ ቦታ ይፈልግ። ፈቃድ የምንጠይቅበት ደብዳቤ ላይም መንገዱ ለእግረኛና ለሸክም ክፍት ሆኖ እንዲቀጥል ብለን እናስገባለን። ይህን የማይቀበል ፈቃድ ከሆነ የሚሰጠን፣ ሥራው ይቅር። ቀኑንም በሰፈሩ ሰው የበዓል አቆጣጠር እናወጣለን።

ሒሳብ ሹም፣ የደመወዙን ነገር በግማሽ ወስጄዋለሁ። ክትርና አዲስ መስመር ማውጣት ከባድ ሥራ ነው፤ ሙያም ጉልበትም ይጠይቃል። ለእሱ ከየወሩ መዋጮ አውጥተን የሰፈሩን ሰዎች በቀን ክፍያ እንቅጠር፤ ሴፍቲኔቱንም እንጠይቅ። መውጫ መጥረግ፣ ደለል ማንሳት፣ የተፋቀውን መመለስ ግን የእኛ ይሁን። ለእሱም ሰው ይቀጠር ካልክ፣ መንገዱን ማበላሸት የእኛ፣ ማስተካከል የሌላ ሰው ሆኖ ሊቀር ነው። እኔ ይህን መቀበል አልችልም። ከሰኔ እስከ መስከረም ደግሞ ማንም አይነዳም፤ ይህ ከነገ ጀምሮ ደንብ ይሁን።

የሽሮ ሜዳዋ፦
እናቶቹን እኔ አነጋግራለሁ። ቅዳሜ ግን የገበያ ቀን ነው፤ ቅዳሜ ጠዋት ማንንም አታገኙም። ሰኞ ከሰዓት በኋላ ይሻላል። ሥራ አለብን የምትሉ አስፈቅዳችሁ ኑ። እነሱም ሥራቸውን ትተው ነው የሚመጡት፤ ስለዚህ ለዚያ ቀን የሸክማቸው ዋጋ ይከፈላቸው።

ሽቅብ፦
ይከፈላል።

ሒሳብ ሹም፦
መዋጮውን እከፍላለሁ። የክረምቱንም ደንብ እደግፋለሁ። በነጻ ሥራው ላይ ግን አቋሜ አልተቀየረም፤ ቢያንስ አንድ ነገር ካልተጨመረ። የቨርጂኒያው ወንድማችን ያነሳት የካሳ ጉዳይ በደብዳቤው ላይ ትግባ። አንድ ሰው ግንድ ወድቆበት እግሩ ቢሰበር ማን እንደሚያሳክመው በጽሑፍ ይመለስልን። የምንቀጥራቸውም ሰዎች በዚሁ ይሸፈኑ። መልሱ እስኪመጣ ድረስ እኔ ዶማ አልይዝም፤ ሌላውም ባይይዝ እመርጣለሁ።