ሲከፋኝ እንዴት ልጸልይ?

ሰላም እህት ወንድሞቼ። የምጽፍላችሁ ከፍኖተ ሰላም ነው።

አምና ከስድስት ዓመት ጥበቃ በኋላ ልጅ ወለድኩ። ያኔ ጸሎት ቀላል ነበር። ስለቴን ይዤ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ እልልታው ከአፌ አይጠፋም ነበር። ዘንድሮ ሰኔ ላይ እናቴ አረፈች። ከዚያ ወዲህ ዳዊቱን እከፍታለሁ፣ ከንፈሬ ይንቀሳቀሳል፣ ልቤ ግን የለም።

የሚያስጨንቀኝ ሐዘኑ ብቻ አይደለም። ሰው «እንዴት ነሽ?» ሲለኝ «እግዚአብሔር ይመስገን» እላለሁ። ወጋችን ነው፣ ደግ ወግ። ግን ለብቻዬ ቆሜ ስጸልይም ያንኑ እላለሁ። «ከፍቶኛል፣ ለምን ወሰድክብኝ?» ማለት ፈራሁ። እሱ ግን ያውቀዋል አይደል?

ባለፈው ሰኞ የዕለቱን የዳዊት ድርሻ፣ ከመዝሙር 1 እስከ 30 ያለውን፣ ሳነብ «እስከ መቼ ትረሳኛለህ?» የሚለው ላይ ቆምኩ። ስንት ዓመት ደግሜዋለሁ፣ ሰምቼው ግን አላውቅም። ዳዊት እንዲህ ብሎ ከጮኸ እኔስ? ተንሰቅስቄ አለቀስኩ። ትንሽ ቀለለኝ። ወዲያው ደግሞ እግዚአብሔርን የደፈርኩ መስሎኝ ደነገጥኩ።

የንስሐ አባቴን ልጠይቃቸው አስቤ አፈርኩ። በዚህ ያለፋችሁ ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ። ምሬቴን በራሴ ቃል ልንገረው ወይስ ልቤ እስኪመለስ ዳዊቱን ብቻ ልድገም? ትናንት ልጄ ዳዴ አለ። ደስ አለኝ፣ እናቴ ሳታየው መቅረቷም አንገበገበኝ። ሁለቱን በአንድ ጸሎት ይዞ መቆም እንዴት ነው የሚቻለው?