ጀርመንኛ በነፃ ለመማር የቱ አፕ ይሻላል? (ባህር ዳር ላላችሁ)

ለማስጎብኘት ስራም ይሁን ለትምህርት ብላችሁ ጀርመንኛ መጀመር የምትፈልጉ ልጆች ደጋግማችሁ ስለምትጠይቁኝ የሞከርኳቸውን እዚሁ ልጻፍላችሁ። እኔ መጀመሪያ የማየው ኔትወርክ ሲጠፋ ይሰራል ወይ የሚለውን ነው፣ ምንም ያህል ቢያምር ያለ ዳታ የማይከፈት ከሆነ እዚህ ከተማ ቶሎ ነው የምትተዉት።

ዱኦሊንጎን ሁሉም ያውቀዋል። ፊደሉንና ድምፁን ለመልመድ አሪፍ ነው፣ አንድ ቀን ካለፋችሁ ስለሚነዘንዛችሁም ልማድ ያስይዛል። ግን አማርኛ የለውም፣ ጀርመንኛውን የምትማሩት በእንግሊዝኛ በኩል ስለሆነ እንግሊዝኛው ደከም ላለ ሰው ድርብ ስራ ነው፣ በዛ ላይ በነፃው ስትጠቀሙ መሀል ላይ ልቡ ወይም ኢነርጂው (ለመለማመድ የሚሰጣችሁ ነጥብ) ያልቅና ቁጭ ትላላችሁ፣ ማስታወቂያውም ዳታ ይበላል።

የዶይቸ ቬለ "ኒኮስ ቬግ" ለኔ ከሁሉም ይበልጣል። በአማርኛ ሬዲዮው የምናውቀው ዶይቸ ቬለ ማለት ነው፣ ከኤ1 እስከ ቢ1 (ከጀማሪ እስከ መካከለኛ ደረጃ) ድረስ ያለው ሙሉ በሙሉ ነፃ ነው። ኒኮ የሚባል ልጅ ጀርመን እንደገባ ሻንጣው ይጠፋበትና ታሪኩ ከዛ ይቀጥላል፣ ሰው በትክክል የሚያወራውን ትሰማላችሁ፣ ከየቪዲዮው ስር መልመጃና የቃላት ዝርዝር አለው። ችግሩ ቪዲዮ ስለሆነ ዳታ ይፈልጋል፣ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ፔዳ ወይም ፖሊ ግቢ ያላችሁ የግቢው ዋይፋይ ደህና ሲሆን እዛው እዩት።

ኔትወርክ ለሌለበት ሰዓት ደግሞ አንኪድሮይድ አለ፣ ቃላት በካርድ የሚያስጠና የአንድሮይድ አፕ ነው፣ ነፃ ነው፣ ማስታወቂያ የለውም፣ ያለ ኢንተርኔት ይሰራል (አይፎን ላይ ያለው ግን ይከፈልበታል)። ካርዱን ራሳችሁ ትሰራላችሁ፣ ፊት ለፊት "ገዳም" ብላችሁ በአማርኛ ትጽፉና ከጀርባ "ዳስ ክሎስተር"፣ "ደሴት" ከሆነ "ዲ ኢንዘል"፣ "ጀልባ" "ዳስ ቦት"። ዴር፣ ዲ፣ ዳስ የሚለውን (የስሙን ጾታ የሚያሳየውን ቃል) ከስሙ ጋር አብራችሁ ያዙት፣ ለብቻው አጠናዋለሁ ካላችሁ በኋላ ያሰቃያችኋል። የሳታችሁትን ቶሎ ይመልስላችኋል፣ ያወቃችሁትን ደግሞ እያራቀ ይጠይቃችኋል፣ ወደ ዘጌ ጀልባ ላይ ተቀምጣችሁ ሳትደርሱ የእለቱን ትጨርሳላችሁ። አማርኛችንን ተጠቅሜ የምማርበት ብቸኛው እሱ ስለሆነ በጣም ነው የምወደው።

ላንጉጅ ትራንስፈር የሚባልም አለ፣ ድምፅ ብቻ ነው፣ እሱም ነፃ ነው። አስተማሪው በእንግሊዝኛ ሲያስረዳ በጣም ግልፅ ነው ግን የጀርመንኛው ኮርስ አጭር ነው፣ መግቢያ በሉት።

አንዳቸውም ግን አፍ አያስፈቱም። ኒኮን እየሰማችሁ ጮክ ብላችሁ ድገሙ፣ ከተቻለ ሁለት ሶስት ሆናችሁ ማታ ማታ ሐይቁ ዳር እየተንሸራሸራችሁ አውሩት፣ ስህተቱን አትፍሩ። የጉብኝት ቃላት ያሉበትን የአንኪድሮይድ ካርድ ፋይሌን የምትፈልጉ በቴሌግራም ጻፉልኝ፣ ድምፅ ስላላስገባሁበት ትንሽ ነው፣ በደካማ ኔትወርክም ይወርዳል።