ድንጋይ የለበሰ ግድግዳ ለብረት ምድጃ ይበቃል?

የጦሳ ሥር፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምንኖረው ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ አካባቢ፣ አያቴ ባሠሩት የጭቃ ቤት ነው። ቋሚውም ማገሩም ባሕር ዛፍ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ኮርኒሱ ጣውላ ነው። ወለሉ ሲሚንቶ ሲሆን ፕላስቲክ ምንጣፍ ተነጥፎበታል። እናቴ ጉልበቷን ያማታል። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጩ ሲበረታ፣ በክረምትም ጉሙ ከጦሳ ወርዶ ደጁን ሲሸፍነው የምትሞቀው በከሰል ነው። ማታ በሩ ተዘግቶ ማንደጃው አልጋዋ አጠገብ ሲቀመጥ እኔን እንቅልፍ አይወስደኝም። ከከሰል የሚወጣው መርዘኛ አየር አይታይም፣ አይሸትም፤ ሰውን እንደተኛ ያስቀረዋል።

ስለዚህ ሳሎኑ ጥግ ላይ ጭሱን በቱቦ ወደ ውጭ የሚያወጣ፣ እንጨት የሚነድድበት የብረት ምድጃ ላስተክል ቆርጫለሁ። ከብየዳ ቤት ጋር ተስማምተናል። የጨነቀኝ ግድግዳው ነው። ያነጋገርኩት ግንበኛ፣ «ከኋላው ያለውን ግድግዳ ጥቁር ድንጋይ እናለብሰዋለን። ድንጋይ አይቃጠልም፤ ምድጃውን አንድ ስንዝር ድረስ ማስጠጋት ትችያለሽ» አለኝ። ድንጋዩን የሚለጥፈው በሲሚንቶ፣ በቀጥታ ምርጊቱ ላይ ነው። ሌላ ቤት የሠራውን አሳይቶኝ መልኩን በጣም ወድጄዋለሁ፤ ልቤ ግን አላረፈም። ድንጋዩ ባይቃጠል ከጀርባው ያለው እንጨትስ? ቱቦውስ ኮርኒሱን አልፎ ሲወጣ ምን ይደረግለታል? ቦታ ለማትረፍ ብዬ እናቴን አደጋ ላይ መጣል አልፈልግም። የምታውቁ ንገሩኝ።

ሮቢት ሰፈር፦
እህቴ አብሽሪ፣ ይህን ያህል አትጨነቂ። በጭቃ ቤት ውስጥ እሳት መንደድ የጀመረው ዛሬ አይደለም። የእናቶቻችን ማድ ቤት ሁሉ ማገርና ጭቃ ነው፤ ጉልቻው ጠዋትና ማታ እሳት አይለየውም። ጭቃን እሳት አይበላውም፤ ድንጋይ ከተጨመረበትማ ከበቂ በላይ ነው። ግንበኛሽ ያለሽን አሠሪ።

ድንጋይ ጠራቢው፦
ልጄ፣ ልብሽ ያላረፈው በምክንያት ነው። ሥራዬ ድንጋይ ስለሆነ ስለ ድንጋይ ክፉ አልናገርም፤ ነገር ግን «አይቃጠልም» እና «ሙቀት አያሳልፍም» የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ጥቁር ድንጋይ ሙቀቱን ቀስ እያለ ይጠጣል፣ ሲጠግብ ለጀርባው ያቀብላል። ምርጊቱ ላይ በቀጥታ ከተለጠፈ ተቀባዩ ጭቃው ነው፤ ከጭቃው ደግሞ ማገሩ። እንጨት በአንድ ቀን ላይቀጣጠል ይችላል። ለዓመታት ሲጋገር ግን እየደረቀና እየጠቆረ ወደ ከሰልነት ይሄዳል፤ ያን ጊዜ ድሮ በማያቃጥለው ሙቀት ይያያዛል። አንድ አሮጌ ቤት ስናፈርስ ምድጃ ተጠግቶበት ከኖረ ግድግዳ ውስጥ እንዲህ ያለ ማገር አውጥቻለሁ። ልስኑ ንጹሕ ነበር፣ ስንጥቅ እንኳ አልነበረውም። ማገሩ ግን በአውራ ጣት ሲጫኑት ተፈረካከሰ፣ እጄንም አጠቆረው።

ወንድሜ ከሮቢት፣ ጉልቻ ከግድግዳ ራቅ ብሎ ወለል ላይ ነው የሚቀመጠው፤ የእሳቱም ሙቀት አብዛኛው ከጭሱ ጋር ወደ ጣሪያ ይወጣል። የብረት ምድጃ ግን አካሉ በሙሉ ይግላል፣ ግድግዳውንም እንደ ቀትር ፀሐይ ፊት ለፊት ይመታል። ሁለቱ አይነጻጸሩም፤ ሰው ቤቱን የሚያቃጥለው እንዲህ እያነጻጸረ ነው።

ልኩን ልንገርሽ። የአሜሪካ ብሔራዊ የእሳት መከላከያ ማኅበር በደንብ ቁጥር 211 እንዳስቀመጠው፣ ተፈትኖ ማረጋገጫ ያልተሰጠው ምድጃ እንጨት ካለበት ግድግዳ 91 ሳንቲ ሜትር መራቅ አለበት። ብየዳ ቤት የሚሠራልሽም ከዚሁ ይቆጠራል። በመካከል 9 ሳንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው ግንብ ቢኖር ርቀቱ ወደ 61 ይወርዳል። በግንቡና በግድግዳው መካከል አየር የሚዘዋወርበት የ2.5 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ሲኖር ደግሞ 30 ይበቃል። ልዩነቱን የሚያመጣው ያ ባዶ ቦታ ነው። ቀዝቃዛው አየር ከታች ይገባል፣ ሞቆ ከላይ ይወጣል፤ የድንጋዩን ጀርባ ሁልጊዜ ያቀዘቅዘዋል። የተለጠፈ ስስ ድንጋይ ግን ለዓይን ነው እንጂ ርቀቱን አይቀንስልሽም።

ስለዚህ ግንቡ ራሱን ችሎ ይቁም። እኔ ብሠራው አምስት ሳንቲም እተዋለሁ፤ ሲሚንቶ ሲንጠባጠብ ጠባቡ ክፍተት ቶሎ ይደፈናልና። ክፍተቱ ውስጥ ጣውላ አስገብቶ፣ ረድፍ በተጨመረ ቁጥር ወደ ላይ እየሳቡ መሄድ ነው፤ የሚወድቀውን ሲሚንቶ ጣውላው ይቀበለዋል። የታችኛው ረድፍ ላይ በየመካከሉ ድንጋይ ሳይገባ ቀዳዳ ይተው፤ ከላይም ኮርኒሱን ሳይነካ ክፍት ይቅር። ግንበኛሽ «ከላይ ልዝጋው፣ ያምራል» ቢልሽ እንቢ በይ። ክብደቱንም አስቢ። አስር ሳንቲም ውፍረት ያለው የጥቁር ድንጋይ ግንብ በካሬ ሜትር ወደ ሦስት ኩንታል ይጠጋል። ስለዚህ ወለሉ ተሰብሮ፣ ጠንካራ መሬት ድረስ ተቆፍሮ መሠረት ይውጣለት። ፕላስቲክ ምንጣፉም ከምድጃው ሥርና ዙሪያ ይነሣ፤ በአፉ በኩል ቢያንስ ግማሽ ሜትር ሲሚንቶው ባዶውን ይታይ።

ብረት ሠራተኛ ከኮምቦልቻ፦
አባቴ ስለ ግድግዳው የተናገሩት ሙሉ ነው፤ እኔ በቱቦው ልመለስ። እኛ ቆላ ቀረብ ስለምንል ምድጃ የሚያሠራን ጥቂት ነው፤ ከደሴ ግን ደንበኞች አሉኝ። እህቴ፣ ነጩን ዚንክ የተቀባ ቱቦ እንዳትቀበዪ። ሲግል ሽፋኑ እየለቀቀ የሚወጣው ጭስ ይመርዛል። ጥቁር ላሜራ ይሁን። ቱቦ ከቱቦ ሲገጠም ጠበብ ያለው ጫፍ ወደ ምድጃው፣ ወደ ታች ይዙር። ብዙ ሰው ተገላቢጦሹን ይገጥማል፤ ከዚያ ጥቁር ሬንጅ መሰል ፈሳሽ በመጋጠሚያው እየተንጠባጠበ ግድግዳውን ያበላሻል።

ነጠላው ላሜራ ከማንኛውም እንጨት 46 ሳንቲ ሜትር መራቅ አለበት፤ ኮርኒስ ግን በዚህ በነጠላው አይታለፍም። በዚያ ቦታ ቱቦው ድርብ ይሁን፤ በሁለቱ መካከል አምስት ሳንቲም ያህል የድንጋይ ሱፍ (ከቀለጠ ድንጋይ የሚሠራ፣ ሙቀት የሚከላከል ጥጥ መሰል ነገር) ይጠቅጠቅበት። ጣውላው በዙሪያው ሰፋ ተደርጎ ይቆረጥና ክፍተቱ በላሜራ ይሸፈን። ከቆርቆሮው በላይ ቢያንስ 90 ሳንቲ ሜትር ይውጣ፤ በሦስት ሜትር ዙሪያ ካለው የጣሪያ ክፍል ሁሉ ደግሞ 60 ሳንቲ ሜትር ይብለጥ። እኔ ለደሴ ቤት ከዚያም አስረዝመዋለሁ። ከተማችሁ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል የሳሳ ስለሆነ የቱቦው መሳብ ይደክማል። ቤትሽ ጦሳ ሥር ከሆነ ነፋሱ ቁልቁል ሲመጣ ጭሱን ወደ ቤት ሊመልሰው ስለሚችል ጫፉ ላይ ክዳን አሠሪ።

ማገዶውም ወሳኝ ነው። ትናንት የተቆረጠ ባሕር ዛፍ አይገባበትም። ተፈልጦ ከዝናብ የተጠለለ፣ ከስድስት ወር እስከ ዓመት የደረቀ ይሁን። እርጥብ እንጨት ቱቦውን በጥቀርሻ ይሞላዋል፤ ጥቀርሻው የተያያዘ ዕለት እሳቱ የሚወጣው በጣሪያሽ ላይ ነው።

የጦሳ ሥር፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ለግንበኛው ነገ እነግረዋለሁ፤ ካልተስማማ ሌላ እፈልጋለሁ። ሁለት ነገር ቀርቶኛል። የመሠረቱ ወጪ ከከበደኝ በድንጋዩ ፋንታ ላሜራ ማቆም ይቻላል? ደግሞ ወንድሜ ድንጋዩን ከቦርከና ዳር በነጻ አመጣለሁ እያለ ነው፤ ይሆናል?

ድንጋይ ጠራቢው፦
ላሜራ ይቻላል፣ በርካሽም ያልቃል። ያው ክፍተት ይተውለት፤ ግድግዳው ላይ የሚይዘው ነገር እንጨት ሳይሆን ብረት ይሁን፣ ማሰሪያውም በቀጥታ ከምድጃው ጀርባ አይምጣ። ርቀቱ ያው 30 ሳንቲም ነው። ድንጋዩ የሚበልጠው እሳቱ ከጠፋ በኋላም ሌሊቱን ሙቀት ስለሚሰጥ ነው፤ ለእናትሽ ጉልበት ብዬ ድንጋዩን እመርጥልሻለሁ። ገንዘቡ እስኪሞላ ግን ላሜራው ይበቃታል፤ ከከሰሉ ቶሎ አላቅቂያት።

የወንዝ ድንጋይ ልሙጥ ነው፣ ሲሚንቶ በደንብ አይዘውም። ከመጣም ተፈልጦ ሻካራው ፊት ሲሚንቶውን ይንካ፣ ቀድሞም ይድረቅ። እሳት የሚነካው ቦታ ላይ ግን ፈጽሞ እንዳይገባ፤ ውሃ የያዘ ድንጋይ በድንገት ሲግል ይፈነዳል።

ግንቡ ካለቀ በኋላ የመጀመሪያውን ሳምንት ውሃ አጠጪው፣ 28 ቀንም ይሙላው። ከዚያ በትንሽ በትንሽ እሳት ጀምሪ፤ በአንድ ጊዜ ካጋልሽው መጋጠሚያው ይሰነጠቃል። ጣሪያውን ደግሞ ከሰኔ በፊት አስከፍቺ። ክረምት ከገባ በኋላ ቆርቆሮ የሚቀድድልሽ ሠራተኛ ብታገኚም ዝናቡ ኮርኒሱን ያበላሸዋል።