ለጓደኛዬ እናት ሕክምና ቀድሜ ልክፈል?

ጨንቆኝ ነው የምጽፈው። የቅርብ ጓደኛዬ እናት የልብ ቫልቭ ቀዶ ጥገና ያስፈልጋቸዋል ተብሎ ውጭ አገር ሆስፒታል ተገኝቶላቸዋል። የወጪው ግምት በፕሮፎርማ (በቅድሚያ በሚላክ የዋጋ ማሳወቂያ) መጥቷል፤ ግማሹ ቀድሞ ካልገባ ቀጠሮ አይያዝም። ጓደኛዬ «አንተ ክፈልልኝ፣ ቤቱ ሲሸጥ እመልስልሃለሁ» አለኝ።

እኚህ እናት እንደ ልጃቸው ነው የሚያዩኝ። ትናንት ሄጄ ሳያቸው ሦስት ደረጃ ወጥተው ግድግዳ ተደግፈው ቆሙ። ትንፋሻቸው በር ድረስ ይሰማል። እንዴት እምቢ ልበል?

ገንዘቡ ግን ለክፉ ቀን ያስቀመጥኩት ነው። ገንዘቡ የሚገባበት የባንክ ሒሳብም በሆስፒታሉ ሳይሆን በአንድ ግለሰብ ስም ነው። ጓደኛዬ «አስተባባሪው ነው» ይላል። እሱን አምነዋለሁ፤ የማላውቀውን ሰው ግን ፈራሁ። ደግሞ ግምት ግምት ነው፤ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ጥቂት ቀን ቢጨምሩ ሒሳቡም ይጨምራል።

እስቲ በዚህ ያለፋችሁ ምከሩኝ። ስልኩን ከሆስፒታሉ ድረ ገጽ ላይ ወስጄ ብደውል ስለ ታካሚዋ ይነግሩኛል? በቀጥታ ለሆስፒታሉ ልክፈል ብል ይቀበላሉ? ሕክምናው ቢቀር ተመላሹ ለከፋዩ ነው ወይስ ለታካሚዋ? ከጓደኛዬ ጋርስ የብድር ውል በምስክር እንፈራረም ብዬ ብጠይቀው ቅር ይለው ይሆን? እስከ ዓርብ መልስ ልሰጠው ቃል ገብቻለሁ።