ለቀብር የቀረ ይቀጣ ወይስ ቅጣቱ ይነሳ? የእድራችን ክርክር

ተማሪዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው እሁድ የእድራችን ስብሰባ ላይ ለቀብር በቀረ ሰው ላይ የሚጣለው ቅጣት ይነሳ የሚል ሐሳብ ቀርቧል። ወርሃዊ መዋጮውን የከፈለ ግዴታውን ተወጥቷል ነው ምክንያቱ። እኔ አልስማማም። ዘንድሮ ሶሲዮሎጂ (የኅብረተሰብ ጥናት) መማር ጀምሬያለሁ፤ ከተማርኩት አንዱ እዚህ ጋ በደንብ ገጠመ።

ኤሚል ዱርካይም የሚባል ፈረንሳዊ የሶሲዮሎጂ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1893 ስለ ሥራ ክፍፍል መጽሐፍ አሳትሟል። ቅጣት ዋናው ሥራው አጥፊውን ማረም አይደለም ይላል። ይበልጥ የሚጠቅመው ደንቡን አክብረው ለሚኖሩት ነው። የያዙት ነገር ዛሬም ዋጋ እንዳለው ያዩበታል። የእኛ ቅጣት ማንንም አያከስርም። ግን ስም ሲጠራ «አልተገኘም» መባሉ ለመጡት ክብር ነው። እሱ ከተነሳ በፀሐይ ቆመው የቀበሩት ምን ይሰማቸዋል?

የቀን ሠራተኛው፦
እህቴ፣ «ማንንም አያከስርም» ያልሽው ከብዶኛል። ቀብር ማክሰኞ ስድስት ሰዓት ላይ ይሆናል። እኔ ያን ቀን ሥራ ከቀረሁ ሒሳብ የለኝም። በማግስቱ ቦታዬ ላይ ሌላ ሰው ላገኝ እችላለሁ። የቢሮ ሠራተኛው አስፈቅዶ ይመጣል። ባለ ሱቁ ልጁን አስቀምጦ ይመጣል። ደንቡ ለሁላችን አንድ ነው፤ የሚያስከፍለን ግን አንድ አይደለም።

የእድሩ ጸሐፊ፦
ልክ ነህ ወንድሜ። እኛ በደርግ ጊዜ የቀበሌ ውይይት ክበብ እየገባን ማርክስን ወደድንም ጠላንም ተምረናል። ብዙው ከአእምሮዬ ጠፍቷል። አንድ ነገር ግን ቀርቷል፤ ኑሯቸው እኩል ያልሆነ ሰዎችን በአንድ መለኪያ ከለካህ ልዩነቱን አላጠፋህም።

ሌላም ልንገራችሁ። ከአባሎቻችን አንዱ በዓመቱ መጀመሪያ የዓመቱን ቅጣት አስልቶ ይከፍለኛል። «ጋሼ፣ አልመጣም፤ ይኼው» ይላል። ገንዘቡን ስቀበል እጄ ይከብደኛል።

መምህሩ፦
ጋሼ፣ ይህን ቢሰማ ጀርመናዊው የሶሲዮሎጂ ሊቅ ጌዎርግ ዚመል ብዙ ይጽፍበት ነበር። ዱርካይምና ዚመል የተወለዱት በአንድ ዓመት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1858። የበርሊኑ ዚመል ግን በመግቢያ ኮርስ ላይ ስሙ ቶሎ ይታለፋል። ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም የከተማን ሰው እንደ እሱ ያየ ጥቂት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1900 ስለ ገንዘብ ባሳተመው መጽሐፍ እንዲህ ይላል። ገበሬው ለጌታው በማር ሲገብር ምን እንደሚሠራ የሚወስንለት ጌታው ነው። በገንዘብ መክፈል ሲጀምር ግን ምን እንደሚዘራ፣ ምን እንደሚያረባ የራሱ ጉዳይ ሆነ። ገንዘብ ነፃ ያወጣል። የሰውን ከሰው ግንኙነትም ያላላል። የጋሼ አባል ያደረገው ይህንኑ ነው። ቅጣቱ ዋጋ ሆነለት፤ መቅረትን ገዛ። እንደ ዱርካይም ብናስብ እንኳ ይህ ቅጣት ማንንም አያከብርም።

ከዋሽንግተን አካባቢ፦
እዚህ ያለን እድር ከሞላ ጎደል ገንዘብ ብቻ ነው። አስከሬን አገር ቤት እንድንልክ ረድቶናል፤ ትልቅ ነገር ነው። ወንድሜ ሲሞት ገንዘቡ በጊዜው ደረሰኝ። ማታ ግን ቤቱ ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ። ቅጣቱን አንሱ የምትሉ ይህን አስቡልኝ።

ተማሪዋ፦
ነፍስ ይማር፤ እግዚአብሔር ያጽናሽ። መምህር፣ ተረታሁ። የብር ቅጣቱን አልከላከልም። መገኘት ግዴታ መሆኑን ግን አልለቅም። የቀረ ሰው በብር ምትክ በሌላ ነገር ቢክስስ? ድንኳን ይትከል፣ ወንበር ያመላልስ፣ ወይም እስከ ሰልስት አንድ ሌሊት ለቅሶ ቤት ይደር።

የቀን ሠራተኛው፦
ማታ ከሆነ እኔ አለሁ። ይህን ማንም አይከለክለኝም።

የእድሩ ጸሐፊ፦
ዓመቱን ቀድሞ የሚከፍለው ሰውዬስ?

ተማሪዋ፦
እሱም ይደር፣ ጋሼ። ብሩን አይቀበሉት።

አንዲት እናት፦
ሁላችሁንም አነበብኩ። ንፍሮ የምንቀቅለው፣ እንጀራ የምንጋግረው እኛ ሴቶች ነን። ቀብር ላይ ስም ሲጠራ ብዙዎቻችን ጓዳ ነን። መዝገቡ ላይ ተገኘች ይባልልናል ወይስ ቀረች? አዲስ ደንብ ከመጻፋችሁ በፊት እሱን መልሱልኝ።