ከተባረርኩበት ሆቴል የሥራ ልምድ ልጠይቅ?

አባይ ማዶ፦ ሐይቁ ዳር ያለ ሆቴል ካሸር ነበርኩ፣ ሁለት ዓመት ከአራት ወር። አንድ ቅዳሜ ሰርግ ነበረ። መብራት ሁለቴ ጠፍቶ ደረሰኝ በእጅ ስንቆርጥ አመሸን። ማታ ሲቆጠር 3,400 ብር ጎደለ። አልወሰድኩም፤ ግን ተረኛዋ እኔ ነኝና ተባረርኩ። አሁን «ለምን ለቀቅሽ?» ሲሉኝ አፌ ይተሳሰራል። ሲቪዬ ላይ ልዝለለው?

የዓሣ ሾርባ፦ እንዳትዘይው! እኔ ዘልዬው ተያዝኩ። ባሕር ዳር ውስጥ የሆቴል ሰው ሁሉ ይተዋወቃል። «በተረኛነቴ ሒሳብ ጎድሎ ነው» በይና ዝም በይ። ማብራሪያ ሲበዛ ያስጠረጥራል።

ፋይል ተሸካሚ፦ እህቴ፣ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 እኮ አለ። ስትጠይቂ የሠራሽውን ሥራ፣ የቆየሽበትን ጊዜና ደመወዝሽን የሚገልጽ ወረቀት በነጻ መስጠት ግዴታቸው ነው። በጽሑፍ ጠይቂ፣ ኮፒውንም ያዥ።

አባይ ማዶ፦ ሰኞ እሄዳለሁ። ዘበኛው ካስገባኝ።